ተራው የብረት ኪኒን፣ ውዱ ሽሮፕና «ደም ገንቢው» ካፕሱል፦ ለጨረር ሕክምና ስንዘጋጅ የገዛናቸው

ፍርዴን ላስቀድም። በብረት እጥረት ለመጣ ደም ማነስ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ፣ በየፋርማሲው በርካሽ የሚሸጠውን ተራውን የፌረስ ሰልፌትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ግዙ። ሽሮፑ ኪኒን መዋጥ ለማይችል ሰው ይሁን። በሚያምር ካርቶን የታሸገውን «ደም ገንቢ» ካፕሱል ግን፣ በተለይ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሰው፣ የሚያክመው ሐኪም ሳያየው እንዳይጀምረው አደራ እላለሁ። ሦስቱንም የገዛነው ደብረ ማርቆስ ነው። ሁለቱን ተጠቅመናል፤ ሦስተኛው አሁንም ሳይከፈት ቤት ተቀምጧል፤ ለምን እንዳልተከፈተም በሰፊው እነግራችኋለሁ።

እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ይህን ሁሉ እንዳጠና ያደረገኝ ግን ሙያዬ ሳይሆን ታላቅ እህቴ ናት። እቴቴ የምትኖረው ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ደም ሲፈሳት ቆይታ፣ እንደ ብዙ እናቶች አፍራ ደብቃው፣ ኋላ ስትመረመር የማህጸን ጫፍ ካንሰር ተገኘባት። ለጨረርና ለኬሞ ወደ አዲስ አበባ ተላከች። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ስለነበር፣ ከጎጃም ለጨረር የሚሄድ ሰው መንገዱ በደጀን አድርጎ የዓባይን በረሃ መሻገር ነበር። ቀጠሮ ከመያዙ በፊት በተደረገው የደም ምርመራ ሄሞግሎቢኗ በዴሲ ሊትር 8.4 ግራም ሆነ። ሐኪሙ ወረቀቱን እያየ፣ «ከ10 በላይ ሆና ትምጣልኝ። ኪኒኑ ካላደረሳት ደም እንሰጣታለን» አለኝ።

ይህች «ከ10 በላይ» የምትለው ነገር ብዙ አስታማሚ ሰምቶ የሚያልፋት ናት። ታማሚዋ እንዳይደክማት ብቻ የተባለ ይመስላል። ነገሩ ከዚያ ይሰፋል። ጨረር የካንሰሩን ሴል የሚገድለው በአብዛኛው ዲ.ኤን.ኤውን በመሰባበር ነው፤ ስብራቱ እንዳይጠገን ደግሞ ኦክስጅን በቦታው መኖር አለበት። ኦክስጅን ያልደረሰውን ሴል ለመግደል ኦክስጅን ከጠገበው ሴል ከ2.5 እስከ 3 እጥፍ የሚሆን ጨረር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1953 ይህን ጉዳይ በሰፊው ካሳዩት ተመራማሪዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሉዊስ ሃሮልድ ግሬይ ነው፤ ዛሬ የጨረር መጠን የሚለካበት «ግሬይ» የተሰየመው በእሱ ስም ነው። ኦክስጅኑን ተሸክሞ ወደ ዕጢው የሚያደርሰው ሄሞግሎቢን ነው። በእያንዳንዱ ሄሞግሎቢን ውስጥ አራት የብረት አቶሞች አሉ፤ ኦክስጅኑ የሚያዘው በእነሱ ላይ ነው። ስለዚህ በማህጸን ጫፍ ካንሰር ጨረር ሲጀምሩ ሄሞግሎቢናቸው ዝቅ ያለ ሴቶች ውጤታቸው የከፋ ሆኖ በተደጋጋሚ ታይቷል። ይህን ሳነብ ኪኒኑን እንደ ተጨማሪ ነገር ማየቴን ትቼ የጨረሩ ዝግጅት አካል አድርጌ ያዝሁት።

አሁን ወደ ኪኒኑ። ቀለሙ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ እኛ የገዛነው ጥቁር ቀይ ሽፋን ያለው፣ በፎይል የታሸገ ነው። በአንዱ ፍሬ ውስጥ 200 ሚሊ ግራም የደረቀ ፌረስ ሰልፌት አለ። ከዚህ ውስጥ ንጹሕ ብረቱ 65 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ፋርማሲስቷ ድሮ ያስተማርኳት ልጅ ስለሆነች፣ «ቲቸር፣ ሽፋኑ ላይ ያለውን ትልቁን ቁጥር እያዩ እንዳያወዳድሩ፤ የሚጠቅመው ንጹሕ ብረቱ ነው» አለችኝ። ትክክል ናት። ሰው 200 እና 300 የሚሉ ቁጥሮችን አይቶ ዋጋ ያወዳድራል፤ ጨዉ ስንት እንደሚመዝንና ብረቱ ስንት እንደሚመዝን ግን ለየቅል ናቸው።

እቴቴ ኪኒኑን በሻይ ነበር ልትውጠው የተነሣችው። ሻይና ቡና ብረቱን እንደሚይዙት ብነግራት አልተዋጠላትም፤ «ሻይ ምን አደረገ?» አለችኝ። አንዱን ኪኒን ሽፋኑን አስለቅቄ ፈጨሁና በለብ ያለ ውኃ አሟሟሁት። በሌላ ብርጭቆ ስኳር የሌለው ቀይ ሻይ ቀዳሁ። ከብረቱ ውኃ ጥቂት ጠብታ ሻዩ ላይ ሳንጠባጥብበት፣ ያ ጥርት ያለ ቀይ ሻይ ከታች ጀምሮ እየጠቆረ መጣ፤ ቆይቶ ስክሪፕቶ ቀለም የተደፋበት መሰለ። በሻዩ ውስጥ ያለው ታኒን ብረቱን ጨምድዶ ይዞት ነው፤ እንደዚያ የተያዘ ብረት አንጀት ውስጥም በቀላሉ አይሰርግም። ከዚያ ግማሽ ሎሚ ጨመቅሁበት። ጥቁረቱ እየሳሳ ሄደና ሻዩ መልሶ ወደ ቢጫ አደላ። እቴቴ ብርጭቆውን አንሥታ በመስኮቱ ብርሃን አየችው። «በቃ፣ በሎሚ ውኃ እውጠዋለሁ፤ ቡናዬን ግን አትከልክለኝ» አለች። አልከለከልኋትም። ሌሊት ለጸሎት ስትነሣ ባዶ ሆዷን በሎሚ ውኃ ትውጠዋለች፤ የጠዋት ቡናዋ ሲደርስ ሁለት ሰዓት አልፎታል። የንስሐ አባቷም ለበሽተኛ መድኃኒት ጾም አይሽርም ብለው ስላረጋጓት ያ ጭንቀት ቀረላት።

ከሻይና ከቡና ሌላ ወተት፣ የካልሲየም ኪኒንና የጨጓራ መድኃኒቶችም የብረቱን መስረግ ይቀንሳሉ። ዶክሲሳይክሊን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም የእንቅርት ሆርሞን ኪኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ከብረቱ ጋር በአንድ ሰዓት መዋጥ የለበትም፤ ብረቱ የእነዚያንም ሥራ ያበላሻል። ይህ በኪኒኑ ፎይል ላይ አልተጻፈም፤ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀትም አብሮ አይመጣም። ለምርቱ ከምሰጠው ነጥብ ትልቁን የምቀንሰው በዚህ ነው። በገጠራችን ያለች እናት ኪኒኑን ተቀብላ ስትሄድ በቃል የተነገራት ካልሆነ በቀር የምታነበው ነገር የላትም።

ጎጂ ጎኖቹን በግልጽ ልንገራችሁ። ሰገራ ይጠቁራል፤ ይህ አያስደነግጥ። ሆድ ያደርቃል፣ ያቅለሸልሻል፣ አፍ ላይ የዛገ ሚስማር የመሰለ ጣዕም ይተዋል። እቴቴን በመጀመሪያው ሳምንት በጣም አቅለሸለሻት። ሐኪሙ ቀን አለፍ አድርጋ እንድትወስደው ፈቀደ። ለእኔ ይህ መድኃኒቱን ማባከን መስሎኝ ነበር፤ ምክንያቱን ስመረምር ግን ሳይንሱ ከሐኪሙ ጎን ነው። 60 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ንጹሕ ብረት ሲወሰድ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ሄፕሲዲን የአንጀቱን በር ለአንድ ቀን ያህል ያጠብበዋል፤ በማግስቱ የሚዋጠው ኪኒን ብዙው ሳይሰርግ ያልፋል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ብረት ያነሳቸው ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ቀን እያለፈ ሲወሰድ ከእያንዳንዱ ኪኒን የሚሰርገው ድርሻ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። በቀን ሦስት ጊዜ አብዝቶ መዋጥ ሆድ ከማመሙ በቀር እንደ ድካሙ አይከፍልም።

ውጤቱስ? ለቀጠሮው ስንሄድ ሄሞግሎቢኗ 10.6 ደርሶ ነበር። ይህ ለኪኒኑ ትልቅ ምስክር ነው። ሆኖም እሷ ላይ የሠራው ደም ማነሷ ከብረት እጥረት የመጣ ስለነበር ነው። ይህንንም ያወቅነው በምርመራ ነው። ሲቢሲ በሚባለው የደም ሴል ቆጠራ ላይ ቀይ የደም ሴሎቿ በመጠን ትንንሽ ሆነው ታዩ፤ የሴሎቹን አማካይ መጠን የሚያሳየው ኤም.ሲ.ቪ. የሚባለው ቁጥር ከ80 በታች ነበር። የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲንም ዝቅ ብሎ ተገኘ። ፌሪቲን በካንሰርና በብግነት ጊዜ ብረት እያነሰም ከፍ ሊል ይችላል፤ ዝቅ ብሎ ሲገኝ ግን እጥረቱ እርግጥ ነው። ለዚህ ምርመራ ናሙናዋን ወደ አዲስ አበባ የላከልን አንድ የግል ላቦራቶሪ ነው፤ ውጤቱ በተባለበት ቀን መጣ፣ የላቦራቶሪው ልጅም ቁጭ ብሎ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አስረዳን። ለአገልግሎቱ ሙሉ ምስጋና አለኝ። ፌሪቲን ሳይታይ ለወራት ብረት የሚውጥ ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ በሥር በሰደደ በሽታ ምክንያት ሄፕሲዲኑ ከፍ ብሎ የቆየ ሰው ኪኒኑ አይሰርግለትም፣ ለእሱ በደም ሥር የሚሰጥ ብረት ወይም ሌላ መፍትሔ ያስፈልገዋል።

ሽሮፑን የገዛነው እቴቴ ስታቅለሸልሽ ነው። በውስጡ ያለው ፌሪክ ሃይድሮክሳይድ ፖሊማልቶስ የሚባል የብረት ውህድ ነው። ሆድ ላይ ለስላሳ ነው፣ ጣዕሙም ጥሩ ነው፣ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ዋጋው ግን ከኪኒኑ ብዙ እጥፍ ነው። በአንድ የሻይ ማንኪያ ያለው ብረት የኪኒኑን ያህል አይደለም፤ ስለዚህ ጠርሙሱ ሳይታሰብ ያልቃል። ኬሚስትሪውም የተለየ ነው። በኪኒኑ ውስጥ ያለው ብረት ሁለት ኤሌክትሮን ያጣው ነው፤ አንጀት ተቀብሎ የሚያስገባውም ይህንኑ ነው። በሽሮፑ ውስጥ ያለው ሦስት ያጣው ስለሆነ አንጀት መጀመሪያ መለወጥ አለበት። ለሕፃን፣ ለሽማግሌ፣ ጉሮሮው ለታመመ ሰው እመክራለሁ። መዋጥ ለሚችል አዋቂ ግን በዚያ ዋጋ ሥጋና ምስር ቢገዛበት ይሻለዋል።

እግረ መንገዴን ስለ ቀይ ሥር አንድ ነገር ልበል። በየጁስ ቤቱ «ለደም» እየተባለ ይጠጣል። ቅላቱ ቤታኒን ከሚባል ቀለም እንጂ ከብረት አይደለም፤ የብረት መጠኑ ትንሽ ነው። ጥሩ አትክልት ነው፣ ደም ማነስን ግን አያክምም። ጤፋችንም ሲለካ ብረቱ በጣም ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ከዚያ ውስጥ ጥቂት የማይባለው በሬ አውድማ ላይ ሲያበራየው ከአፈሩ የሚጣበቅበት ስለሆነ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። እርሾው በሚገባ የቦካ እንጀራ ግን ብረት የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሳል። ቦክቶ የተጋገረውን ከጎመንና ከሎሚ ጋር፣ ፍስክ ሲሆንም ከጉበት ወይም ከቀይ ሥጋ ጋር ማብላት ነው የሚያዋጣው።

ወደ ካፕሱሉ ልምጣ። የገዛነው ከሌላ መደብር ነው፤ የሱቁን ስም አልጠራም። ሻጩ የእቴቴን ሁኔታ ሳይጠይቅ፣ «ይሄ ከኪኒኑ አሥር እጅ ይበልጣል፣ ሁሉም ማዕድን አለበት» ብሎ ነው የሸጠልን። ካርቶኑን ቤት ወስጄ አነበብሁት፦ ብረት፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ቫይታሚን ኢ፣ ሌላም ሌላም። «ሁሉም ማዕድን አለበት» የሚለው ቃል ለጤነኛ ሰው ደስ ይል ይሆናል። ደም የሚሠራው መቅኔ ግን ለእያንዳንዱ ብረታ ብረት የሚመልሰው መልስ የተለያየ ነው፤ አንዱ ይረዳዋል፣ አንዱ ያታልለዋል፣ አንዱ ይመርዘዋል።

ዚንክን ውሰዱ። ከኮሮና ወዲህ ብዙ ሰው የዚንክ ኪኒን ለብቻው መዋጥ ለምዷል። በዚያ ላይ ይህን ካፕሱል ቢጨምር የዚንኩ መጠን እየተደራረበ ይሄዳል። ዚንክ ለረጅም ጊዜ ሲበዛ አንጀት መዳብን እንዳያስገባ ያደርጋል። መዳብ ሲጠፋ ደግሞ ብረቱ ከማከማቻው ወጥቶ ወደ መቅኔው አይደርስም፤ ሰውዬው ብረት እየዋጠ ደም ያንሰዋል፣ ኢንፌክሽን የሚዋጉ ነጭ የደም ሴሎቹም ይወርዳሉ። ኬሞ ላይ ላለ ሰው ነጭ ሴል መውረድ ሕክምና የሚያስቋርጥ ነገር ነው። ሐኪሙም ምክንያቱን ኬሞው ላይ ይጥለዋል እንጂ ካፕሱሉን አይጠረጥርም።

ቢ12ን ስናይ ደግሞ ኮባልት እናገኛለን፤ በእያንዳንዱ የቢ12 ሞለኪውል መካከል አንድ የኮባልት አቶም አለ። በዚያ መልኩ ሲሆን ለደም መሥራት የግድ ያስፈልጋል። ጨው ሆኖ ሲዋጥ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮባልት ክሎራይድ ለደም ማነስ ይታዘዝ ነበር። እውነትም ቀይ ሴል ይጨምራል። የሚጨምረው ግን ሰውነትን በማሳሳት ነው፦ ሴሎች ኦክስጅን ሳያንሳቸው ያነሳቸው ይመስላቸዋል፣ ኩላሊት መቅኔን የሚያነቃውን ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፣ መቅኔውም ሥራ ያበዛል። ሴሎች የኦክስጅንን ማነስ እንዴት እንደሚያውቁ ያብራሩት ኬሊን፣ ራትክሊፍና ሴሜንዛ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ያገኙበት መንገድ ነው ኮባልት በጓሮ በር የሚገባበት። ጉዳቱ እንቅርት ማሳበጥና ልብ ማድከም ሆነ፤ ስለዚህ ሐኪሞች ተዉት። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በካናዳ ኩቤክ ከተማ ለአረፋ ማጽኛ ኮባልት የተጨመረበትን ቢራ አብዝተው የጠጡ ሰዎች በልብ ድካም አልቀዋል። የዓለም ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲም ዛሬ አትሌቶች ኮባልትን እንዳይጠቀሙ ከልክሏል። ይህን የምጽፈው ካፕሱላችን ውስጥ ኮባልት ክሎራይድ ነበረ ለማለት አይደለም፤ አልነበረም። «ቀይ ሴል ይጨምራል» የሚል መድኃኒት ሁሉ ደም ማነስን ያክማል ብሎ ማመን ስንት እንደሚያስከፍል ታሪኩ ስለሚያሳይ ነው።

እንዲያውም ከዚህ የሚቀርብ ማስጠንቀቂያ ከጨረር ሕክምና ራሱ አለ። ኤሪትሮፖይቲንን በመርፌ ሰጥቶ የጨረር ታማሚዎችን ሄሞግሎቢን ማሳደግ ተሞክሮ ነበር። በ2003 (እ.ኤ.አ.) በራስና አንገት ካንሰር ታማሚዎች ላይ የወጣው ጥናት ሄሞግሎቢናቸው እንዳደገ፣ የካንሰሩ ውጤት ግን መርፌውን ካልወሰዱት የባሰ እንደሆነ አሳየ። ስለዚህ ቁጥሩን ማሳደግ ብቻ አይበቃም፤ በምን እንዳደገ ማወቅ ያሻል። ብረት ለጎደለው ብረቱን መመለስ አንድ ነገር ነው፣ ያልጎደለውን መቅኔ በግድ ማስሮጥ ሌላ። ብረቱ ራሱ ሲተርፍ ጉዳት አለው፦ ነፃ የሆነ ብረት ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባለውን አጥፊ ነገር ያመነጫል፤ ጨረርም ሴልን ከሚጎዳባቸው መንገዶች አንዱ በዚሁ ራዲካል በኩል ነው። ፌሪቲኑ ያልታየ ሰው በጨረር ወቅት ብረት አይደራርብ የምለው ለዚህ ነው። ቫይታሚን ኢን የመሰሉ አንቲኦክሲዳንቶችን በከፍተኛ መጠን ጨረር ላይ እያሉ መውሰድንም የካንሰር ሐኪሞች አይመክሩም።

እርሳስ የሚባለው ብረታ ብረትም በአጭሩ ይነሣ። አሮጌ ባትሪ የሚያቀልጡ ልጆች፣ የእርሳስ ውህድ ያለበት ኩል የሚኳሉ ሴቶች ይህን ቢያውቁ እወዳለሁ፦ እርሳስ ሂም የሚባለውን ብረት ያዥ የሄሞግሎቢን ክፍል የሚሠሩትንና ብረቱን ወደ እሱ የሚያስገቡትን ኢንዛይሞች ይዘጋል። ብረት ሞልቶ እያለ ሄሞግሎቢን አይሠራም። እንዲህ ላለ ሰው የብረት ኪኒን ብቻውን መፍትሔ አይሆነውም።

አሁን ጨረር ክፍል እንግባ፤ እዚያም ብረታ ብረት ይጠብቃችኋል። ለእቴቴ በየሳምንቱ በደም ሥር ይሰጣት የነበረው ሲስፕላቲን የፕላቲነም ውህድ ነው። አሜሪካዊው ባርኔት ሮዘንበርግ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ባክቴሪያ በኤሌክትሪክ ሲፈትን ከፕላቲነም ኤሌክትሮዱ በወጣ ውህድ ምክንያት ባክቴሪያዎቹ መከፋፈል ሲያቆሙ ያየበት ነው ጅምሩ። ከጨረር ጋር ሲሰጥ ዲ.ኤን.ኤው ላይ ይጣበቃል፤ ጨረሩ የሰበረውን ሴሉ እንዳይጠግን ያውካል። ይኸውም ካንሰሩን ለጨረር የበለጠ ስስ ያደርገዋል ማለት ነው። በ1999 (እ.ኤ.አ.) ውጤታቸው ይፋ የሆነ አምስት ጥናቶች ሲስፕላቲንን መሠረት ያደረገ ኬሞ ከጨረር ጋር ሲሰጥ የማህጸን ጫፍ ካንሰር ታማሚዎች ዕድሜ እንደሚረዝም ካሳዩ ወዲህ በብዙ አገር የተለመደ ሕክምና ሆኗል።

ዋጋውን የሚከፍለው መቅኔው ነው። ቶሎ ቶሎ የሚከፋፈል ሴል ለጨረር ስስ ነው፤ መቅኔም ሌሊትና ቀን የሚከፋፈል ነው። ከአዋቂ ሰው ደም ሠሪ መቅኔ ከሩብ በላይ የሚሆነው ዳሌና ታፋ ላይ ባሉት አጥንቶች ውስጥ ስላለ፣ ለማህጸን ጫፍ የሚሰጥ ጨረር ያገኘዋል። ከደም ሴሎች ቀድመው የሚወርዱት ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ቀይ ሴል ኒውክለስ ስለሌለውና 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር ዘግይቶ ነው የሚታይበት። በዚያ ላይ ሲስፕላቲን ኩላሊትን ይጎዳል፤ ኩላሊት ሲደክም ኤሪትሮፖይቲኑ ይቀንሳል። በሕክምናው መካከል የእቴቴ ሄሞግሎቢን እንደገና ወረደ፣ ኪኒኑም ሊይዘው አልቻለም፤ አንድ ከረጢት ደም ተሰጣት። አንድ ከረጢት ሄሞግሎቢንን በ1 ግራም ገደማ ከፍ ያደርጋል፣ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረትም ይዞ ይመጣል፤ ያን ያህል ብረት በኪኒን ለማስረግ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ኪኒኑ ከሕክምናው በፊትና በኋላ ጎበዝ ነው፤ በመካከሉ የደም ለጋሾች ተራ ነው። ደም የሰጠውን የማላውቀውን ሰው እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጎረቤት የሚያወራውን ስለሰማሁ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ጊዜ የሚወራለት «የኮባልት ማሽን» ኮባልት 60 የሚባለውን ጨረር አመንጪ ዓይነት ይጠቀማል፤ በየ5.27 ዓመቱ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ ምንጩ ሲያረጅ ታማሚው ማሽኑ ሥር የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። ብረቱ ታሽጎ ማሽኑ ውስጥ ነው ያለው። ወደ ታማሚው ሰውነት አይገባም፣ ከውጭ በማሽን የተሰጠ ጨረርም ሰውዬው ላይ አብሮት ወደ ቤት አይሄድም። እቴቴ ከአዲስ አበባ ስትመለስ አንዲት ጎረቤት የልጅ ልጇን እንዳታቅፍ መክራት አገኘሁ፤ በጣም አዘንሁ። ትቀፈው። ትሳመው።

ስለ ፋርማሲዋ አገልግሎት፦ ከመሸጧ በፊት የምርመራ ወረቀት ትጠይቃለች፣ ሌላ የምትወስዱትን መድኃኒት ትጠይቃለች፣ ካፕሱሉን መልሰን ስናሳያትም «ከሐኪሟ ጋር ሳትነጋገሩ አትጀምሩት» ብላ ገንዘቧን ከማሰብ ይልቅ እኛን አሰበች። አንዳንዴ ኪኒኑ ያልቅባታል፤ ያኔ ደውላ ትነግረናለች። ገበያ ቀን ሰው ስለሚበዛባት ምክር የምትፈልጉ በሌላ ቀን ሂዱ።

ስትገዙ በፎይል የታሸገውን ምረጡ። ከትልቅ ቆርቆሮ በወረቀት ከረጢት ተቆጥሮ የሚሰጠው በክረምቱ እርጥበት ሽፋኑ ይሰነጠቃል፤ ውስጡ ያለው የብረት ጨው አየርና እርጥበት ሲያገኘው ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ ያ ደግሞ አንጀት በቀላሉ የማይቀበለው ዓይነት ብረት ነው። ሄሞግሎቢን ከተስተካከለ በኋላም ክምችቱ እስኪሞላ ሦስት ወር ያህል መቀጠል የተለመደ ስለሆነ ያለ ሐኪሙ ምክር አትቁረጡት፤ እቴቴ አሁን ያለችው እዚያ ላይ ነው። ከረሜላ የሚመስል ቀይ ኪኒን ስለሆነ ልጆች በማይደርሱበት ከፍታ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ። ለሕፃን በኪሎ ክብደቱ ከ60 ሚሊ ግራም በላይ ንጹሕ ብረት ሕይወት የሚያሳጣ መጠን ነው፤ 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ይህ ከእነዚህ ፍሬዎች ዐሥሩን አይሞላም። ከዚያ ያነሰም ቢሆን የዋጠ ልጅ ካለ፣ ደህና ቢመስልም እንኳ፣ ፎይሉን ይዛችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሩጡ።